የኩሩማኑ ቤት
(ስለ ሮበርትና ስለ ሜሪ ሞፋት የዕለት ኑሮ)

ክቡር አንባቢ፤ ዴቪድ ሊቪንግስተን የተባለውን ስኮትላንዳዊ ሐኪምና ተጓዥ በተማሪነትዎ ዘመን ሳይሰሙት አልቀሩም። አፍሪቃን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ያቋረጠ፤ የቪክቶሪያን ፏፏቴ ለአውሮፓውያን ያስታወቀ እየተባለ ስሙ በየመጽሐፉ ይነሣል። ነገር ግን ይህ ሰው አንበሳ የሰበረውን ክንዱን ያስታመመበት፤ ሚስቱንም ያገኘበት ቤት የማን ቤት እንደ ነበረ ብዙ ሰው አይጠይቅም። ቤቱ በደቡብ አፍሪቃ፤ በካላሃሪ ምድረ በዳ ዳር፤ ኩሩማን በተባለው ሥፍራ ይገኛል። ባለቤቶቹም ሮበርት ሞፋትና ሚስታቸው ወይዘሮ ሜሪ ነበሩ። ስለ ሮበርት ሞፋት ስብከት ብዙ ተጽፏል፤ እኛ ዛሬ የምናወራው ስለ ቤታቸው ነው፤ ማለት ስለ ውሃቸው፤ ስለ መብላቸው፤ ስለ መርፌያቸውና ስለ ወለላቸው ነው።

ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከዚህ ቤት የወጣው ትልቅ ሥራ፤ ይኸውም በሴትስዋና ቋንቋ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፤ በአንድ ሰው ስም ቢጠራም የቆመው በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ነው። በለንደን የሚስዮን ማኅበር ዘንድ ሚስዮናዊ የሚባሉት ባልየው ነበሩ፤ ወይዘሮ ሜሪ ደግሞ የሚስዮናዊው ሚስት ነበሩ። ይህች ትንሽ የመዝገብ ልዩነት ሃምሳ ዓመት ሙሉ የተሠራ ሥራ ትሸፍናለች። (ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሁለቱም የተወለዱት በ1795 ነው። ሮበርት የተወለዱት በስኮትላንድ ኦርሚስተን በምትባል መንደር ሲሆን የተማሩት ሙያ አትክልተኝነት ነበረ። በእንግሊዝ አገር በዱኪንፊልድ ከአንድ ባለ ችግኝ ጣቢያ ዘንድ ተቀጥረው ሲሠሩ ከአሠሪያቸው ልጅ ከሜሪ ስሚዝ ጋር ተዋወቁ። ማኅበሩ ወደ አፍሪቃ ሲልካቸው ሁለቱ ተፈቃቅደው ነበር፤ የሜሪ ወላጆች ግን ልጃችንን ወደማናውቀው ምድር አንሰድም አሉ። ስለዚህ ሮበርት ብቻቸውን ሄዱ፤ በ1817 መጀመሪያም ኬፕ ታውን ገቡ። ሜሪ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ጠበቁ። በመጨረሻ ወላጆቻቸው ልባቸው ራርቶ ቢፈቅዱላቸው ባሕር ተሻግረው በ1819 ዓ.ም. ዲሴምበር ደረሱ፤ በዚያው ወር በ27ኛው ቀንም ኬፕ ታውን ላይ ተጋቡ።

እዚህ ላይ ስለ ሮበርት እናት አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። እኚህ ሴት ልጃቸውን ገና በሕፃንነቱ ልብስ መስፋትና ሹራብ መሥራት ያስተማሩት፤ ሰው ዕጣው የት እንደሚጥለው አያውቅምና ይጠቅምሃል እያሉ ነበር። ሸሚዝ ያለ ካውያ እንዴት እንደሚስተካከል፤ ማለት በሚገባ አጥፎ በመዶሻ እየወቀሩ እንዴት እንደሚለሰልስ፤ እሱንም አሳይተዋቸዋል። ወንድ ልጅ መርፌ ያዘ ብሎ ጎረቤት ሳይሥቅ አልቀረም ይሆናል። ሮበርት ግን በናማ ሕዝብ አገር ብቻቸውን ሲኖሩ ልብሳቸውን የጣፉት በዚያው ትምህርት ነው።

ባልና ሚስቱ መጀመሪያ የተቀመጡት ባትላፒንግ ከሚባሉት የትስዋና ወገኖች ጋር ነበር። የጎሣው አለቃ ሞቲቢ ይባሉ ነበር። በዚያ አገር ዝናብ ጥቂት፤ አሸዋው ብዙ፤ ውሃ ያለበት ሥፍራ ደግሞ በጣት የሚቈጠር ነው። ሚስዮናውያኑ ለአትክልታቸው ውሃ ለማምጣት ከወንዙ ረዥም ቦይ ቆፈሩ። ይሁን እንጂ ቦይው በመንደሩ ሴቶች እርሻ አጠገብ ያልፍ ነበርና ሴቶቹ ውሃውን እየጠለፉ ወደ ማሳቸው ይመልሱት ጀመር። ሮበርት አካፋቸውን ተሸክመው በፀሐይ ሐሩር ወደ ላይ ይወጡና ቦይውን ይደፍናሉ፤ ሴቶቹም እሳቸው ሲመለሱ ደግመው ይከፍቱታል። በመጨረሻ ሴቶቹ ተቆጥተው መገደቢያውን ጭራሽ አፈረሱት፤ ውሃውም ወደ ጥንት መንገዱ ተመለሰ።

ሮበርት ይህን በመጽሐፋቸው ሲጽፉ የሴቶቹን ክፋት ለማሳየት ነው። ክቡር አንባቢ ግን ነገሩን ከሴቶቹም ወገን ሆነው ይመልከቱት። በትስዋና ልማድ እርሻ የሴት፤ ከብት የወንድ ነበረ። በድርቅ ዘመን ልጆቿ የሚራቡባት እናት በፊቷ የሚያልፈውን ውሃ ዝም ብላ ልታይ አትችልም፤ ውሃውስ ቢሆን የአገሯ ውሃ አይደለምን? ኋላም በበሬ የሚጐተት ማረሻ ሲመጣ፤ ሴት ከብት ስለማትነዳ፤ እርሻው ራሱ እየዋለ እያደረ ወደ ወንዱ እጅ ገባ። ይህንን ሚስዮናውያኑ የሥልጣኔ እርምጃ ብለው ቈጠሩት፤ ሴቶቹ ምን እንዳሉት ግን የጻፈ የለም።

በ1824 ባልና ሚስቱ ወደ ወንዙ ምንጭ ቀረብ ብለው አሁን የኩሩማን ሚስዮን ወደሚባለው ቦታ ተዛወሩ። እንግሊዞች «ዓይን» የሚሉት ይህ ምንጭ በየቀኑ ሃያ ሚሊዮን ሊትር ያህል ውሃ ያፈልቃል፤ በድርቅም አይነጥፍም። የአትክልተኝነት ትምህርታቸው ፍሬ ያፈራው በዚህ ነው። ወይንና በለስ፤ ኮክና ልውዝ ተከሉ፤ ስንዴም ዘሩ። የድንጋዩ መኖሪያ ቤታቸው በ1826 ተሠራ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሮበርት ግንበኛም፤ አናጢም፤ ቀጥቃጭም ነበሩ። ወናፋቸውን ራሳቸው ሠርተው ብረት ያግሉ ነበር፤ የተሰበረ የሠረገላ ብረት ይዞ የሚመጣ መንገደኛም አያጡም ነበር።

አሁን ወደ ቤቱ ውስጥ እንግባ። ወይዘሮ ሜሪ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወደ አገራቸው ከላኩት ደብዳቤ አንዱ ስለ ወለል ነው። የቤቱን ወለል ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በእበት እንደሚያስለቀልቁ ለዘመዶቻቸው ይነግራሉ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከባላገር የመጣን ሁሉ እበት የተለቀለቀ ቤት ሽታውን ሳይቀር እናውቀዋለን። ለእንግሊዛዊቱ ግን ነውር ነበረ። ሌላይቱ የሚስዮናዊ ሚስት ስትለቀልቅ ባዩ ጊዜ፤ እኔስ ይህን ቆሻሻ ነገር ሳላደርግ እኖራለሁ ብለው በልባቸው ወስነው ነበር። ጥቂት ጊዜ እንደ ኖሩ ግን አቧራውን የሚያሳርፍ፤ ቁንጫውንም የሚገድል ከዚህ የተሻለ ነገር እንደሌለ አዩና ቅዳሜ እስኪደርስ መታገሥ እያቃታቸው መጣ። አረንጓዴ መልኩንም ወደዱት።

ይህን ደብዳቤ ከብዙ ስብከት እንመርጠዋለን። ሊያስተምር የመጣ ሰው መጀመሪያ የተማረው ምን እንደ ሆነ ያሳየናልና ነው።

የቀረው የቤት ሥራ ግን እንዲህ በሣቅ የሚነገር አልነበረም። የጎረቤት ሴቶች ገላቸውን ቅባትና ቀይ አፈር ተቀብተው ወደ ማድ ቤቱ ይገባሉ፤ የነኩትም ሁሉ ይቀላል። ቤተ ክርስቲያን በሚኬድበት ሰዓት አንድ ሰው ቤት ጠባቂ ሆኖ ካልቀረ ዕቃ ይጠፋል። አንድ ቀን ከአምልኮ ሲመለሱ በእሳት ላይ ጥደውት የሄዱት ሥጋ ከድስቱ ወጥቶ በምትኩ ድንጋይ ተቀምጦ እንደ ተገኘ ሮበርት ጽፈዋል። እኛ እንኳ ስናነበው ሥቀናል፤ የዚያን ዕለት ምሳ የጠበቀው ሰው ግን የሣቀ አይመስለንም።

ድርቁ በበረታ ጊዜ ነገሩ ከሥጋ ስርቆት አለፈ። ዝናብ አውራጅ የተባለው ሰው ዝናቡን የከለከሉት እነዚህ ነጮችና ደወላቸው ናቸው ብሎ ተናገረ። ከአለቆቹ አንዱ ጦሩን እንደ ያዘ፤ ተከታዮቹን አስከትሎ መጣና አገሩን ለቃችሁ ሂዱ አላቸው። ሮበርት ደረታቸውን ገልጠው፤ ብትፈልጉ እዚህ ውጉኝ እንጂ አልሄድም ብለው መለሱ። ወይዘሮ ሜሪ በዚያ ሰዓት ሕፃን ታቅፈው በደጃፉ ቆመው ነበር። አለቃውም፤ እነዚህ ሰዎች ሞትን የማይፈሩ ከሆነ አሥር ነፍስ ቢኖራቸው ነው ብሎ ተመለሰ ይባላል። ታሪኩን የሚደግሙት ሁሉ ስለ ባልየው ደረት ይናገራሉ። እኛ ግን ደጃፉ ላይ የቆመችውን፤ ሸሽታም ወደ ጓዳ ያልገባችውን እናት እንድታስቡልን እንወዳለን።

ይህችው ሕፃን ከልጆቻቸው የመጀመሪያዋ ስትሆን ስሟ እንደ እናቷ ሜሪ ነበረ። በትስዋና ልማድ ወላጅ በበኵር ልጁ ስም ይጠራል፤ በእኛም አገር የእገሌ እናት፤ የእገሌ አባት እንደምንለው ያለ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሜሪ «ማ ሜሪ»፤ ባላቸውም «ራ ሜሪ» ተባሉ። በዚያ ዘመን ለሚስዮናዊ ከዚህ የሚበልጥ ማዕርግ የሚሰጠው ያለ አይመስለንም። ሰው በልጁ ስም ሲጠራ እንግድነቱ እያበቃ ነው።

ትምህርታቸውን ግን ለብዙ ዓመታት የተቀበለ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በሸፊልድ ያሉ አንዲት ወዳጃቸው ለሥራሽ የሚጠቅምሽ ምን ልላክልሽ ብለው ቢጽፉላቸው፤ ወይዘሮ ሜሪ የቁርባን ጽዋ ይላክልኝ ብለው መለሱ። በዚያን ጊዜ የሚቈርብ አንድ ሰው እንኳ አልነበራቸውም። በ1829 የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዎች ተጠመቁ፤ በመንገድ ብዙ የዘገየው የጽዋው ሣጥንም ከመጀመሪያው ቁርባን ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ደረሰ። ከዚህ በኋላ ሰዎቹ ልብስ መልበስ ፈለጉና ማ ሜሪ የስፌት ትምህርት ከፈቱ። ዕድሜ ልካቸውን ቆዳ የሚበጁ እጆች ቀጭኑን መርፌ መያዝ እስኪለምዱ ድረስ ብዙ ክር ተበጥሷል።

ሮበርት ቋንቋውን አጥንተው የሉቃስን ወንጌል ወደ ሴትስዋና መለሱና በ1830 ሊያሳትሙት ወደ ኬፕ ታውን ወረዱ። ከኩሩማን ኬፕ ታውን በበሬ ሠረገላ ብዙ ሳምንት ያስኬዳል። ደብዳቤያችን ሁለት ቀን ዘገየ ብለን መዝገብ ቤቱን የምንወቅስ እኛ ይህን ልብ ልንለው ይገባል። በመንግሥት ማተሚያ ቤት ለዚህ ሥራ የሚመደብ ሠራተኛ ስላልተገኘ ሚስዮናዊው ፊደል መልቀሙን ራሳቸው ተማሩ። በ1831 የብረት የእጅ ማተሚያ በሠረገላ ጭነው ወደ ኩሩማን መለሱ። የመጀመሪያው ወረቀት ነጭ ሆኖ ገብቶ ጥቁር ሆኖ ሲወጣ፤ ያየ አንድ ሰው ወረቀቱን ነጥቆ ወደ መንደሩ ሮጠና፤ ይህ በዓይን ጥቅሻ የተሠራ ነው እያለ ላገኘው ሁሉ አሳየ።

ከዚያ በኋላ የቤቱ አኗኗር በማተሚያውና በትርጕሙ ተገዛ። ባልየው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሊጡን፤ ሳሙናውን፤ ሻማውን፤ እንግዳውን፤ በሽተኛውን፤ የሠራተኛውን ጠብ ሁሉ ሚስት ይዘውት ነበር። ከዚህ በላይ ሁሉ ደግሞ ወሊድ ነበረ፤ ዐሥር ልጆች ወልደዋል፤ ለአቅመ አዳምና ሔዋን የደረሱት ሰባቱ ናቸው። ትልቁ ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1838 ተፈጸመ፤ እንጨቱ የመጣው በበሬ ሠረገላ የብዙ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ደን ነው። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እንናገር ይሆናል።

በ1839 የአዲስ ኪዳንን ትርጕም ለማሳተም ወደ እንግሊዝ ሄዱ። መርከባቸው ከኬፕ ታውን ወደብ ሳትነሣ ወይዘሮ ሜሪ ሴት ልጅ ወለዱ፤ ኤልሳቤጥ አሏት። ጥቂት ቀን ሳይቈይ የስድስት ዓመቱ ጄምስ በዚያችው መርከብ ላይ ሞተ። አራሷ እናት ልጃቸውን ለባሕር ሰጥተው ወደ ሀገራቸው ገቡ። መጽሐፉ በ1840 በለንደን ታተመ። ያሳተመው የእንግሊዝና የውጭ አገር መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው። በዚያው ዓመት ይኸው ማኅበር ያወጣው ሌላ መጽሐፍ ነበረ፤ እሱም ኢትዮጵያዊው መነኵሴ አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጠው የተረጐሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። አፍሪቃ በሁለት ዳርቻዋ በአንድ ዓመት ከአንድ ማኅበር እጅ መጽሐፍ ተቀበለች። አቡ ሩሚ ግን ሞተው ነበርና የታተመውን አላዩትም።

ሞፋቶች በ1843 መጨረሻ ወደ ኩሩማን ሲመለሱ ወጣቱ ሊቪንግስተን በዚያ ቆይቷቸዋል። በ1844 አንበሳ ክንዱን ሲሰብረው ሊያገግም ወደ ኩሩማን መጣና በ1845 ዓ.ም. ጃንዩወሪ ልጃቸውን ሜሪን አገባ። ከዚህ በኋላ የማ ሜሪን ጠባይ የምናውቅበት አንድ ደብዳቤ አለ። ሊቪንግስተን ሚስቱንና ሕፃናት ልጆቹን ይዞ በበረሃ ወደ ሰሜን ሄዶ ሲመለስ በ1850 የተወለደችው ሕፃን ሞተችበት፤ እናቲቱም በሕመም ፊቷና አካሏ ደነዘዘባት። በ1851 እንደ ገና ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ ሊሄድ እንደ ሆነ አማቱ ሰሙ። ብዕር አንሥተው፤ አንድ ልጅ የቀበርከው አይበቃህምን፤ ሰው ሁሉ ጭካኔህን ይፈርድብሃል ሲሉ ጻፉለት። እሱ ግን ሄደ፤ ልጁም በመንገድ በወንዝ ዳር ተወለደ። ዓለም ለሊቪንግስተን ሐውልት ሲያቆም የአማቱን ደብዳቤ አላነበበውም፤ ብናነበው ግን ለሐውልቱ ያለንን አክብሮት መጠን እናስይዘው ነበር።

ራ ሜሪ ደግሞ ከብሉይ ኪዳን ጋር ይታገሉ ነበር። ከሉቃስ ወንጌል ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል የፈጀው ሥራ በ1857 አለቀ። የመጨረሻውን ቃል በጻፉ ጊዜ አሁን እሞታለሁ ብለው አስበው እንደ ነበረ፤ ከዚያም በጕልበታቸው ተንበርክከው እንዳመሰገኑ ተናግረዋል። ትርጕሙ ግን ያለ ነቀፋ አልቀረም። ትስዋናዎች የሙታን አባቶቻቸውን መናፍስት «ባዲሞ» ብለው ያከብሩ ነበር፤ ሞፋት ግን ይህንኑ ቃል ለአጋንንት ሰጡት። የቦትስዋና ምሁር ሙሳ ዱቤ በ1999 ባወጡት ጽሑፍ ይህን በብርቱ ተችተዋል፤ ትችቱም የሚናቅ አይደለም። የራሱን አያቶች ስም በአጋንንት ሥፍራ ተጽፎ የሚያነብ ሰው ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። እበቱን ከጎረቤት የተማረ ቤት ይህን ሳይማር ቀረ።

እርጅናቸው የዕረፍት አልነበረም። ሮበርት የንዴቤሌው ንጉሥ የምዚሊካዚ ወዳጅ ስለ ነበሩ፤ ንጉሡም «ሞሼቴ» እያሉ ይጠሯቸው ነበርና፤ በ1859 በስድሳ አራት ዓመታቸው ልጃቸውን ጆንንና ሌሎቹን አዲስ ሚስዮናውያን ይዘው ወደ ኢንያቲ ሄደው ወራት ተቀመጡ። እዚያም ማለዳና ማታ ከመጋዙና ከምድጃው አልተለዩም። ማ ሜሪ በዚህ ጊዜ ኩሩማን ቀርተው ለልጃቸው ቤት ስንቅ ይልኩ፤ አዳኙንና ነጋዴውን፤ በሽተኛውንና መንገደኛውን ያስተናግዱ ነበር። በ1860 በሊንያንቲ ብዙ ሚስዮናውያን በንዳድ ሲያልቁ ሚስቱ ሞታበት የተረፈው ሮጀር ፕራይስ የተመለሰው ወደዚሁ አገር ነው። በ1861 ያችን በመርከብ ላይ የተወለደችውን ኤልሳቤጥን አገባ።

1862 ግን ክፉ ዓመት ነበረ። ሜሪ ሊቪንግስተን በዛምቤዚ ወንዝ ዳር በሹፓንጋ በወባ ሞተች፤ መርዶው ወላጆቿ ዘንድ የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። በዚያው ዓመት በአባቱ ስም የተጠራው ልጃቸው ሮበርት ሞተ። በ1866 ደግሞ የልጃቸው የአን ባል ዣን ፍሬዱ ባሩድ ፈንድቶ ገደለው። ባልና ሚስቱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሮበርት እንቅልፍ አጡ፤ ጕልበታቸውም ደከመ። ማኅበሩ ተመልሳችሁ ዕረፉ ይላቸው ጀመር። እነሱ ግን ማን ይተካናል በማለት ቀኑን ያራዝሙ ነበር።

በ1870 ዓ.ም. ማርች 20 ቀን እሑድ ሮበርት በኩሩማን ለመጨረሻ ጊዜ ሰበኩ። በዚያው ሳምንት ሠረገላቸው በደጃፉ ቆመ። ሕዝቡ ሠረገላውን ከቦ እያለቀሰ፤ እጃቸውን አንድ ጊዜ ደግሞ ልንይዝ እያለ ለረዥም ጊዜ መንገድ አልለቀቀላቸውም። ሃምሳ ዓመት ያህል የኖሩበት አገር ያዘጋጀላቸው መሰናበቻ ይህ ነበር።

ማ ሜሪ በእንግሊዝ አገር የተቀመጡት ጥቂት ወራት ብቻ ነው። ክረምቱ ሳንባቸውን አመመውና በ1871 ዓ.ም. ጃንዩወሪ 10 ቀን በለንደን ብሪክስተን ሞቱ። ሮበርት ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖረው በ1883 ዐረፉ። ሚስታቸው በሞቱበት ሰዓት የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፤ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ የምትጸልይልኝ ነበረችኝ የሚል ነበረ።